ቅቤ የተቀባው ፎቶ

የሰው ሁሉ ዓይን በአዲስ ሌንስ ከተቀየረ ወዲህ ብዥታ የሚባል ነገር ከአገር ጠፍቷል። ሌንሱ አንዴ ከገባ አይወጣም።

ሐመልማል እናቷን ልትጠይቅ ኮምቦልቻ መጥታ ቤቱን ስታጸዳ፣ የሟች አባቷ ፎቶ መስታወት የፀጉር ቅቤ ተለቅልቆበት አገኘችው። በሳሙና አጥባ መልሳ ሰቀለችው።

እናቷ ወይዘሮ ትርንጎ ከጓሮ ሲገቡ በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ አባትሽን የት አደረግሽው?»

«ይኸው እኮ እማዬ! ቆሽሾ ነበር፣ አጠብኩት።»

«ይሄን ሰውዬ አላውቀውም።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ደካማ ነበር። ዓለም ሁሉ ብዥ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ለመድኩት። አባትሽን ያገባሁትም የቀበርኩትም በዚያ ዓይን ነው። ሌንሱ ገብቶልኝ ፎቶውን ባየው፣ ግንባሩን የቋጠረ ቁጡ ሰው አፈጠጠብኝ። የኔ ገላነህ እንዲህ አልነበረም። ቅቤ ስቀባው ግን እንደ ድሮው ብዥ ይልና ይመለስልኛል።»

ሐመልማል የምታውቀው አባት ያ የተቋጠረው ግንባር ነበር። ጓዳ ገብታ ቅቤውን አመጣችና ከግንባሩ ጀምራ በጣቷ ቀባችው።

«ይኸው፣ መጣልኝ!» አሉ እናቷ እያለቀሱ።

ሐመልማልም ቀና ብላ አየች። ከቅቤው ጀርባ ፈገግ ያለ የሚመስል የዋህ ሰው ነበር። እሷ እንዲህ ያለ አባት ኖሯት አያውቅም።