የእማማ አንገት

መቼም ዘመኑ ጥሬ ፎቶ አንዴ በስልክ ፕሮግራም ከታጠበ ዋናው ለዘላለም የሚጠፋበት ነው። ይርገዱ የሟች እናቷን ብቸኛ ፎቶ ልታጥብ ስትል ሁለት ፕሮግራም ቀረበላት፤ አንዱ የዓመት ክፍያ ይጠይቃል፣ ሌላው ነጻ ነው።

«እባክሽ እቴ፣ ክፈዪና ደህናውን ግዢ» አለቻት ታናሿ ሙሉነሽ።

«ለአንዲት ፎቶ? አላበድኩም!» ብላ ይርገዱ ነጻውን ነካችው።

እማማ ፊቷ ጥርት ብሎ ወጣች። የአንገቷን ንቅሳት ግን ፕሮግራሙ እድፍ መስሎት ሙልጭ አድርጎ አጥቦታል።

ይርገዱ ፎቶውን አሳትማ፣ ንቅሳቱን በእጇ ልትመልሰው የኩል እንጨቷን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሙልዬ፣ ስንት ረድፍ ነበር?»

«ሦስት» አለች ሙሉነሽ። «ኧረ አራት መሰለኝ።»

ከሁለቱ በቀር የሚያስታውስ ሰው ደግሞ አልቀረም።