የምሥራቁ ክንፍ ደወል

«እማዬ፣ ይሄ የሚጮኸው የየትኛው ክፍል ደወል ነው?» አለችኝ ልጄ ዊኒ።

ያኔ መመለስ አልቻልኩም። በገረድነት በተቀጠርኩበት ትልቅ ቤት፣ በማድ ቤቱ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ከየክፍሉ በሽቦ እየተሳቡ ሠራተኛ የሚጠሩ ሃያ ደወሎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር የክፍሉ ስም ተጽፏል፤ እኔ ግን ፊደል አልቆጠርኩም ነበር።

የሠራተኞቹ አለቃ ሚስዝ ቶርሊ ሳቀችብኝ። «አይጥ ሽቦውን እየጎተተ ነው። ደግሞ ማንበብ የማትችል ሴትዮ የደወል ነገር ምን አገባት?»

እልህ ያዘኝ። ከቄሱ ሚስት ዘንድ እየተመላለስኩ ማንበብ ተማርኩ። የብርዱ ወራት አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ዊኒን ይዤ ከዚያው ደወል ሥር ቆምኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «የልጆች ክፍል፣ ምሥራቅ ክንፍ።»

በስተምሥራቅ የነበረው ይህ የቤቱ ክንፍ እኔ ሳልወለድ ፈርሷል። ከኮሪደሩ ወደዚያ ያስገባ የነበረው በር በጡብ ተደፍኗል፤ ከጡቡ ወዲያ ያለው ሣር ብቻ ነው።

«ያውቁ ነበር!» ብዬ ሚስዝ ቶርሊ ላይ ጮኽኩባት። «ልጅ ይዤ ስመጣ እያዩ ዝም አሉኝ!»

«ብነግርሽ ትቀጠሪ ነበር?» አለች መሬት መሬት እያየች። «ካንቺ በፊት የነበሩት ሦስቱም ገረዶች የሄዱት ስለነገርኳቸው ነው።»

«አንቺ አረመኔ!» አልኳት።

ደወሉ ጮኸ። እዚህ ቤት ደወል ሁለተኛ እስኪጮህ አይጠበቅም፤ ይህንን ዊኒን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ዞር ስል አጠገቤ የለችም። ከተደፈነው በር ጀርባ የእንጨት ደረጃ እየሮጠች ስትወጣ ኮቴዋ ተሰማኝ።

«መጣሁ!» አለች።

ሚስዝ ቶርሊ በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። እኔ ግን ዊኒን እየጠበቅሁ ከደወሉ ሥር ቀረሁ።