የአከራዩ ፊት

ተከራይዋ ልጅ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ቁጢጥ ብላ የስልኳን ካሜራ ድምፅ አጠፋች። ለማረጋገጥ የገዛ ጫማዋን ፎቶ አነሳች፤ ስልኩ ትንፍሽ አላለም። አከራዩ ባልዲ ይዘው ለሚለምኑት ተከራዮች ሁሉ "ውሃው ከዋናው መስመር ነው የጠፋው፣ እኔ ምን ላድርግ?" ይል ነበር። አሁን ግቢው ጭር ሲልለት ጎንበስ ብሎ የቧንቧውን መዝጊያ በገዛ እጁ ያዞራል። ተከራዮቹ ተማርረው ቤቱን እንዲለቁለት ነበር የፈለገው።

ደጋግማ ፎቶ አነሳችው። በሁሉም ላይ የወጣው ጀርባውና የሱሪው መቀመጫ ብቻ ነበር። ይህን ይዛ ብትከሰው ማን ያምናታል? አንድ እርምጃ ብትጠጋ ደግሞ ያያታል።

ያኔ ከታንከሩ በላይ ካለው ሰገነት የሌላ ስልክ ካሜራ ቀጭ አለ። አከራዩ ክው አለ።

"ማነው?" አለ፣ መዝጊያውን እንደጨበጠ።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ" አሉ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ፣ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። "እስቲ ቀና በል፣ ፊትህ አልወጣልኝም።"

ቀና አለ። ከታንከሩ ጀርባ ያለችው ልጅ ፊቱንም እጁንም በአንድ ፎቶ አስቀረቻቸው።