ማሽኑ አይወጣም

በልብስ ማጠቢያው ማሽን ግርጌ ያለችውን ክዳን ፈትታ፣ የሚወርደውን ቆሻሻ ውሃ በሳፋ ትቀበል ነበር። አናጺ ባሏ በሩን ተደግፎ ቁልቁል ያያታል።

«ተይው አልኩሽ እኮ! በሳሙና ብዛት ገደልሽው። ወንድሜ መኪና ይዞ እየመጣ ነው፣ ይወስደዋል። እጅ ያለው ሰው በእጁ ያጥባል።»

«እጅማ አንተም አለህ፣ ያውም ሁለት» አለችው ቀና ሳትል።

ማሽኑ ከቤት ከወጣ የማታ ትምህርቷም አብሮት እንደሚወጣ ታውቅ ነበር፤ የአምስት ሰው ልብስ በእጁ አጥቦ ክፍል በሰዓቱ የሚደርስ የለም። ጥርሷን ነክሳ ማጣሪያውን ሳበችው። ከክርና ከጸጉር ጋር የእንጨት ፍቅፋቂ ወጣ። በፍቅፋቂው ውስጥ ሦስት ምስማሮች ተጠላልፈው ነበር።

ባሏ ሳያስበው የሱሪውን ኪስ ዳሰሰ።

እሷ ማጣሪያውን አጥባ መለሰችው፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ ማሽኑን አስነሳችው። ልብሱ የሚሽከረከርበት ከበሮ ውስጥ የገባው አዲስ ውሃ እየተንደቀደቀ ወረደ። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«ሂድ፣ ወንድምህን ባዶውን ሸኘው» አለችው።

ከዚያ ምስማሮቹን በቀሚሷ ጫፍ አደራረቀች፣ አንድ በአንድ በደረት ኪሱ ከተተችና የኪሱን ቁልፍ ቆለፈችለት።