ማሳው ወይስ መፈልፈያው

መምህር አያልነህ ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ ወረታ ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው፤ የፎገራን ሩዝ የሚያውቀው ግን ሳህን ላይ ብቻ ነው።

ልጁ ሰገን የእርሻ ተማሪ ናት። ክረምቱን የተግባር ልምምድ ካልሠራች መመረቅ የለም። ሁለት ቦታ ሊቀበላት ፈቅዷል። አንደኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የሩዝ ዝርያ መሞከሪያ ማሳ ነው፤ እውቀቱ ብዙ፣ ክፍያው ለባጃጅ እንኳ የማይበቃ። ሁለተኛው የወይዘሮ ገላነሽ የሩዝ መፈልፈያ ነው፤ ክፍያው ዳጎስ ያለ፣ ሥራው ግን ቀኑን ሙሉ ሚዛን አጠገብ ቆሞ ኬሻ ማስመዘን።

ሰገን ዓይነ አፋር ናት። እንግዳ ሲመጣ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ትወስዳለች። አንድ ማታ እራት ላይ ግን ሳትጠየቅ ተናገረች።

«እኔ ማሳውን ነው የምፈልገው። መፈልፈያው ይቅርብኝ። ብናኙ ሌላ፣ ጩኸቱ ሌላ፤ ሞተሩ ከቆመ በኋላ እንኳ ጆሮ ላይ ይቀራል።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለ አያልነህ። «ገንዘብ የጠዋት ጤዛ ነው።»

«ጤዛውንስ ማን አይቶት» አለች እናቷ ውባንቺ። «እኛ ቤት ሳይደርስ ነው የሚረግፈው።»

«ደግሞ ይልቃል አለ» አለች ሰገን እንጀራዋን እያየች። «የማሳው ኃላፊ። ይልቃል ራሱ ችግኝ አተካከሉን ያሳየኛል። ይልቃል ሲያስረዳ አይሰለችም።»

አያልነህ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። ልጁ የወንድ ስም ስትጠራ ሰምቶ አያውቅም። ትምህርቷን ሳትጨርስ አንዱ ልቧን እንዳይወስድበት ከልጅነቷ ጀምሮ ሲፈራ ኖሯል።

በማግስቱ ጃንጥላውን ይዞ ማሳው ድረስ ሄደ። ይልቃል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ረጅም፣ ጥርሰ መልካም ጎልማሳ ነው።

«የሰገን አባት ነዎት? ጎበዝ ልጅ አለችዎት፤ እየጠበቅናት ነው።»

«መጠበቁስ ደግ ነበር» አለ አያልነህ። «ባለትዳር ነህ?»

«ገና ነኝ ጋሼ። ይኼ ጭቃ መች ጊዜ ሰጠኝ ብለው!»

ይልቃል ሳቀ። አያልነህ አልሳቀም። ከዚያው በቀጥታ ወደ መፈልፈያው ዞረ።

ወይዘሮ ገላነሽ በር ላይ ተቀበለችው። ውስጥ ሴቶች ሩዝ ያበጥራሉ።

«እኔ ቤት ሥራ ፈት ወንድ ዝር አይልም» አለችው ከሞተሩ በላይ እየጮኸች። «ያለው ሞተር የሚይዘው ሕዝቅኤል ብቻ ነው። እሱም ከሥራው ቀና አይል!»

አያልነህ ወደ ውስጥ ቃኘ። አንድ ሰው አፋቸውን በሻሽ ጠምጥመው ሞተሩ ላይ ጎብጠዋል። ፀጉራቸው ነጭ፣ ቅንድባቸውም ነጭ ነው። ደጋግመው ያስላሉ። በዚህ ዕድሜያቸው! ሴትዮዋ ታላቋን «እሱ» ማለቷ ትንሽ ከነከነው፤ ገንዘብ ያቀበጣት ናት ብሎ አለፈው።

«አባቴ!» ብሎ ጮኸ። «ልጄን አደራ! እንደ ልጅዎ ይዩልኝ!»

ሽማግሌው ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱ። አያልነህ በጨዋነታቸው ልቡ ተነካ።

«መፈልፈያው ትገቢያለሽ» አለ ቤት እንደ ደረሰ።

«ትናንት ጤዛ ያልከው ገንዘብ ዛሬ ምን ሆነ፣ አንተ ሰውዬ?» አለች ውባንቺ።

«ጤዛም ቢሆን ሣር ያበቅላል!»

ሰገን አለቀሰች። እውቀቴን፣ ልምዴን እያለች ደጋግማ ለመነች። አባቷ ግን ፈቀቅ አላለም። ሰኞ ጠዋት ዓይኗ አብጦ፣ ሻሿን ይዛ ወደ መፈልፈያው ወጣች።

ክረምቱ ገፋ። ልጁ በጊዜ ትገባለች፤ የይልቃልን ስም አንስታም አታውቅ። አያልነህ እፎይ አለ። እንዲያውም ለአደራ ጠባቂው ሽማግሌ ውለታ ሊመልስ አስቦ፣ አንድ ቅዳሜ በማሰሮ ማር ይዞ ሄደ። መብራት ጠፍቶ መፈልፈያው ጸጥ ብሏል።

«ሞተር የሚይዙት አባት የት አሉ?» ሲል አንዷን አበጣሪ ጠየቃት።

ሴትዮዋ ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። «በጓሮ ነው፤ እየታጠበ።»

አያልነህ ማሩን አቅፎ በግድግዳው ዞረ። በርሜሉ አጠገብ ሰገን በጣሳ ውኃ ታፈሳለች። ከፊቷ ያጎነበሰው ሰው ነጭ ራሱን ባሸ ቁጥር ከሥሩ ከሰል የመሰለ ፀጉር ብቅ ይላል።

«ሦስት ዓመት ከአባትሽ ስትደብቂኝ ኖረሽ» አለ ሕዝቅኤል ዓይኑን እንደ ጨፈነ እየሳቀ፣ «የይልቃልን ስም ደጋግመሽ ብትጠሪላቸው ጊዜ፣ ራሳቸው መጥተው አደራ ብለው ሰጡኝ!»