ሁለት ጣት እንደ አንድ

ልብስ ሰፊው ቤዝ ጊታር ልማር ብሎ ሲመጣ አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

የመምህሩ ክፍል ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ናት። ሁለት ወንበር፣ አንድ አሮጌ ድምፅ ማጉያና ቀጭ ቀጭ እያለ ምት የሚቆጥር ዕቃ አለባት። ሰውየው በምሳ ሰዓት፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ገባ። የመምህሩ ዓይን ግን ያረፈው በያዘው ጊታር ላይ ነው።

«ይሄ የወንድምህ አይደለም?»

«ነው።»

«እሱስ የት ሄዶ?»

«ራቅ ብሏል» አለ ልብስ ሰፊው። ቀጠለና «ጋሼ፣ ዘፈን አልፈልግም። እሱ ጠዋት ጠዋት ሲለማመድ የሚመታትን መልመጃ ብቻ ያሳዩኝ። ልክ እንደ እሱ እንዲሆንልኝ ነው» አለ።

ነገሩ ለመምህሩ አልጣማቸውም። ታናሽየውን ከሀ ጀምረው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ጣቱ እንደ አንድ የሚናገር ተማሪ ከእሱ ሌላ አልገጠማቸውም። ይጫወትበት የነበረው የሆቴል ባንድ ከፈረሰ ወዲህ ግን አላዩትም። አሁን ደግሞ ታላቅየው ጊታሩን ተሸክሞ መጣ። ቢሆንም ወንበር ሳቡለት።

«አውራ ጣትህን እዚህ አስደግፍ። ክሩን ስትመታ ጣትህን ወደ ላይ አታንሳ፤ አልፎ ቀጥሎ ያለው ክር ላይ ይረፍ። ሌባ፣ መሃል፣ ሌባ፣ መሃል።»

«ከክር ጋር እንኳ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ።»

«ያንተ ክር ዝም ይላል። ይሄኛው ያሳብቃል።»

አሳበቀ። ሌባ ጣቱ ዱም ሲል መሃል ጣቱ ድም ይላል፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል፣ እንደሚያነክስ ሰው።

«ሌባ ጣትህ ስሙን አወጣው» አሉ መምህሩ። «የመሃሉን ድርሻ እየሰረቀ ነው።»

ልብስ ሰፊው አልሳቀም።

በየቀኑ መጣ። መምህሩ መቁጠሪያውን ዝቅ አድርገው በደቂቃ ስልሳ ላይ አቆሙለት። በደካማው በመሃል ጣት እንዲጀምር አስገደዱት። የጣቱ ጫፍ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደነደነ። አንድ ቀን ሲቸኩል ሰሙትና «የስፌት መኪናህን እየተቻኮልክ ብትረግጥ ስፌቱ ይዘላል አይደል? ይሄም ያው ነው» አሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ እጁ ረጋ።

በሁለተኛው ወር አንድ እንግዳ ነገር ጠየቀ።

«ጋሼ፣ እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

መምህሩ ጨፍነው አዳመጡ። «አንተ ነህ» አሉ።

ፊቱ ጠቆረ። በማግስቱ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ።

ጫማ ጠጋኙ ከታች ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። «ሰውዬው እኮ ወንድሙ በሌለበት ሥራውን ሊወርሰው ነው» አለ አንድ ቀን። መምህሩም ያሰቡት ይህንኑ ነበር።

በአራተኛው ወር እንደገና አስጨፈናቸው። አሥራ ስድስት ምት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ስልሳ አራት። ሌባውና መሃሉ አይለዩም። መምህሩ ዓይናቸውን ለመግለጥ ዘገዩ።

«እሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። ወዲያው ቁጣቸው መጣ። «ሰው የገዛ ወንድሙን ቦታ እንዲህ ይመኛል? ጊታሩንስ ፈቅዶልህ ነው የወሰድከው?»

ልብስ ሰፊው ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመው።

«ነገ ጠዋት ቤት ይምጡ» አለ።

ግቢው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል ዋናው ቤት፣ በሌላው በኩል የታናሽየው ክፍል። የእናቲቱ መኝታ ቤት መስኮት ከክፍሉ ፊት ለፊት ነው። ልብስ ሰፊው መምህሩን ወደ ክፍሉ አስገባና በሩን ገርበብ አደረገ። አልጋው እንደተነጠፈ፣ ድምፅ ማጉያው ጥግ ላይ እንደቆመ ነው።

«ለሥራ ሲሄድ መኪና ተገለበጠ» አለ በሹክሹክታ። «አምስት ወሩ። እዚያው ቀበርነው።»

መምህሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እማዬ አልሰማችም። ሐኪሙ ልቧ አይችለውም ብሎናል። እሱና እሷ ተኳርፈው ነበር፤ ይሄን የሙዚቃ ሥራ ተው ብትለው ደጅሽን አልረግጥም አለ። ዓመት ከመንፈቅ አልተያዩም። እግሯ ከአልጋ አያወርዳትም። ጠዋት ጠዋት ይቺን ስትሰማ ብቻ ‹ልጄ ደህና አድሯል› ብላ አፏ ላይ እህል ታደርጋለች።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ያንተን ስትሰማ…»

«ጣቱን ስለት ቆርጦት ነው ብዬ ዋሸኋት። አሁን ግን ትናንት ‹ጎበዝ፣ እየበረታ ነው› አለችኝ።» ዓይኑ ደረቅ ነበር። «አንዲት ምት ከተዛነፈች አለቀልን፣ ጋሼ። እባክዎ እሷ ዘንድ ይግቡና የላከዎ እሱ እንደሆነ ይንገሩልኝ። ከእርስዎ አፍ ከሰማች ታምናለች።»

መምህሩ በሕይወታቸው ብዙ አልዋሹም። ግቢውን ሲያቋርጡ የሚሉትን በልባቸው ደጋገሙ።

እናት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቁርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው። መምህሩ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉና ማን እንደሆኑ ተናገሩ። ከግቢው ማዶ ጊታሩ ጀመረ፤ የረጋ፣ እኩል።

«እሱ ነው የላከኝ» አሉ መምህሩ። «ኩርፊያው በርዶለታል። ጥቂት ቀን ይታገሱት፣ ራሱ መጥቶ እግርዎ ላይ ይወድቃል።»

እናት ጊታሩን አዳመጡ። አንድ ጉርሻ ጎረሱና በችግር ዋጡት። ከዚያ በቀጭን እጃቸው የመምህሩን እጅ ያዙ።

«ታናሽየው መሞቱን የሰማሁት ያኔውኑ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ማወቄን ግን ለዚህኛው አደራ እንዳይነግሩብኝ፤ መምታቱን ካቆመ ማልቀስ ይጀምራል።»