ፔሪዊንክል በጂንካ

መምህር ወንድይፍራው ጂንካ ውስጥ እንግሊዝኛ ያውቃሉ ከሚባሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበር። ሌላው ታስሯል። ስለዚህ በሰባ አንድ ዓ.ም. ጥቅምት አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካድሬው ኤርሳዶ ሲያስጠራው፣ ለምን እኔን ብሎ የሚጠይቅበት አፍ አልነበረውም። መዝገበ ቃላቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ።

ኤርሳዶ ከአርባ ምንጭ ተመድቦ ከመጣ ስድስት ወሩ ነው። በነዚህ ስድስት ወራት ሲስቅ ያየው የለም። ጠጅ ሲጋብዙት አይጠጣም፤ መርዝ ፈርቶ ነው ይባላል። አያጨስም፣ ሲምል እንኳ የሰማው የለም። «እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትለማመጠዋለህ?» ይላል የከተማው ሰው፤ እውነቱን ነው።

ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ደብዳቤ አለ። አጠገቡ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደምሰው ተቀምጧል። ደብዳቤውን ጠልፎ ያመጣው እሱ መሆኑ ከፊቱ ያስታውቃል።

«የተጻፈው ለአስካል ነው» አለ ኤርሳዶ። «ሚሲዮኑ ክሊኒክ ከነበረችው ፈረንጅ ነርስ። ይኼን መስመር ተርጉም።»

አስካልን የማያውቅ የለም። ከነርሷ ጋር ዘጠኝ ዓመት ቁስል ስታጥብ የኖረች የአሪ ሴት ናት። ነርሷ አገሯ ገባች፣ ጸሎት ቤቱ ታሸገ፤ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሰዎች አንድ አንድ እያሉ አስካል ቤት ይገባሉ። ወንድይፍራው አጥር ተጋሪዋ ስለሆነ መዝሙራቸውን ይሰማል። በሹክሹክታ ነው የሚዘምሩት፣ ምስኪኖች። ልጁ ሐና በኩፍኝ ልትሞትበት ስትል ሦስት ቀን ሙሉ አልጋዋ ሥር የተቀመጠችለት ይቺው አስካል ናት። ከትናንት ጀምሮ ታስራለች።

መስመሩ አጭር ነው፦ «ፔሪዊንክሎችሽ እንዴት ናቸው? ተበራከቱልሽ?»

ወንድይፍራው ቃሉን በዕድሜው አይቶት አያውቅም። እነማን እንደተበራከቱ ግን ወዲያው ገባው፤ የእሑድ ዘማሪዎቹ ናቸው። መዝገበ ቃላቱን ገለጠ። ምስጥ ግማሹን በልቶታል፤ ይኼ ገጽ ግን ተርፏል።

«አንደኛ፣ መሬት ላይ የሚንሰራፋ ተክል» አለ። «አበባው ሐምራዊ ነው፤ የአበባው ቅጠል አምስት።»

«ሁለተኛስ?»

«ሁለተኛ... ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ።»

«ባሕር» አለ ደምሰው፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «አላልኩም? በሰሜን ጦርነት ላይ ነን፣ ፈረንጅ ስለ ባሕር ትጠይቃለች። ቀንድ አውጣ ማለት መርከብ ነው። ተበራከቱ ወይ ማለት ስንት ደረሱ ማለት ነው።»

«ጓድ ደምሰው፣ እኛ ጋ ያለው የባሕር ቀንድ አውጣ ሐመሮች የቆዳ ልብሳቸው ላይ የሚሰፉት ዛጎል ብቻ ነው። እሱም ባዶ ቀፎ ነው። ባዶ ቀፎ ደግሞ አይበራከትም።»

«ለዚህ እኮ ነው ምስጢር የሆነው።»

ኤርሳዶ ወረቀትና ብዕር ገፋለት። «የቱ ነው፣ መምህር? ጽፈህ ፈርምበት። ውሸት ከሆነ ነገ ወደ አርባ ምንጭ በሚሄደው መኪና ከእሷ ጋር ትጫናለህ።»

በዚያ መኪና ከተጫኑት አሥራ አንድ ሰዎች እስካሁን አንድም አልተመለሰም። ወንድይፍራው ጀግና አይደለም፤ በአይጥ እንኳ ይደነግጣል። ግን አስካል ለሐና የዋለችው ውለታ ከበደበት። «አበባ፤ ሐምራዊ፤ ቅጠሉ አምስት» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ኤርሳዶ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሐምራዊ» አለ። «አምስት።»

«አዎ፣ ጓድ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ጓሮዋን እንይ» አለ ደምሰው።

አስካል ጓሮ ያለው እንሰት፣ ጎመንና አንዲት ዶሮ ብቻ ነው፤ ወንድይፍራው በአጥሩ በኩል በየቀኑ ያየዋል።

«ዛሬ ስብሰባ አለብኝ» አለ ኤርሳዶ። «ነገ ጠዋት እናያለን። እስከዚያ ማንም እንዳይጠጋ። የግቢዋን ቁልፍ ወዲህ በለው።»

ደምሰው ቁልፉን እየሰጠ ወደ መምህሩ ፈገግ አለ።

ወንድይፍራው ቤቱ ገብቶ ራሱን ሲረግም አመሸ። አጥር ልዝለል ቢል ምን ይዞ? ያ አበባ ምን እንደሚመስል እንኳ አያውቅም። ለሐና አንድ ቅያሪ ልብስ አጥፎ ከረጢት ውስጥ አስቀመጠ፤ ነገ ከተጫነ እሷን ለአክስቷ ለሙሉነሽ የሚሰጥበት ነው።

ጠዋት አስካል እጇን በገመድ ታስራ መጣች። ኤርሳዶ ቁልፉን ከፈተና ሁሉም ወደ ጓሮ ዞሩ።

ከጎመኑ አጠገብ ሐምራዊ አበቦች ነበሩ። አንዳንዶቹ ጠውልገዋል፤ ቢሆንም አበቦች ናቸው። ደምሰው ቁጢጥ ብሎ የአንዷን ቅጠል በጣቱ ቆጠረ። ወደ ሌላዋ ዞሮ እንደገና ቆጠረ።

«አምስት» አለ፣ ቅር እያለው። «ድሮም ነበሩ?»

«ሁልጊዜም ነበሩ» አለ ወንድይፍራው። እንዲህ አድርጎ ሲዋሽ የመጀመሪያው ነው፤ ደስ አለው።

ደምሰው እግሩን እየጎተተ ወጣ። አስካል ወደ መምህሩ ጠጋ አለች። «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ የኔ ወንድም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በተቆለፈ ግቢ እንዴት ገባህ?»

«እኔ እኮ አልገባሁም» አለ ወንድይፍራው።

ኤርሳዶ ገመዷን ሊፈታላት ጎንበስ አለ፤ ጥፍሮቹ ሥር ጭቃ ነበር።